ከመጋረጃው ጀርባ የመጣ መልስ

መምህርት እልፍነሽ ይህን ነገር ለባሏም ለንስሐ አባቷም ነግራ አታውቅም።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቿ ያለ ዕድሜዋ ስለምትዳር ልጅ ቴአትር አዘጋጁና ለወላጆች ሊያሳዩ መድረክ ላይ ወጡ። እሷ ዓይን አፋር ስለሆነች ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ በሹክሹክታ ታቀብል ነበር። ሙሽራዋን የምትጫወተው ጥሩወርቅ፣ እሷንም በእውነት ሊድሯት እንደሆነ በዚያው ሳምንት አልቅሳ ነግራታለች።

ልጅቷ ገና አፏን ስትከፍት የወረዳው ትምህርት ኃላፊ አቶ ደምመላሽ ከፊት ወንበር ተነሡ።

«ይቁም! የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሙሽራ ሆና ትጫወት? ነውር ነው! ልጅ አይደለሁም ካልሽ እስቲ መልሺልኝ!»

ጥሩወርቅ እንደለመደችው ጆሮዋን ወደ መጋረጃው ጣል አደረገች፤ የመጣላትንም ቃል ጮክ ብላ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ባለፈው እሑድ ለወንድምዎ ልጅ ሊጠይቁኝ ሽማግሌ ሆነው ቤታችን ሲመጡ ‹ደርሳለች› ብለው አልነበር? ለእውነተኛው ሠርግ የደረስኩ ለውሸቱ እንዴት አነስኩ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሲያመነታ የሰነበተው አባቷም ብድግ ብሎ፣ «ሽማግሌው ራሳቸው ልጅ ናት አሉ፤ በቃ፣ ትማር!» አለ። አቶ ደምመላሽ ቁጭ አሉ፤ ቴአትሩም ቀጠለ።

በማግስቱ ጠዋት በሰልፍ ላይ ርእሰ መምህሩ የጥሩወርቅን አንደበት ሲያደንቁ፣ እልፍነሽ መዳፏ እስኪቀላ ከማንም በላይ አጨበጨበች።