የጓዝ ተሸካሚው የመጨረሻ ዝላይ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ ነው አትበሉ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንድ አባትና ሦስት ልጆች ይኖሩ ነበር። ንጉሥና ሦስት ልዑላን ቢሆኑ ለተረት ባማረ፤ እኔ ግን ያየሁትን ነው የምናገረው። አባትየው አቶ ገብረየስ ይባላሉ። ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ በጣቢያው ዕቃ ሲጭኑና ሲያወርዱ የኖሩ ኩሊ ነበሩ። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ሰፈሩ ሽማግሌ ብሎ ስለሾመኝ ባልና ሚስት በተጣሉ ቁጥር፣ አጥር በተገፋ ቁጥር እጠራለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደክሞኛል። ይህን ጉዳይማ ብቻዬን አልችለውም፤ ስለዚህ ስሙና ፍረዱ።

ነገሩ የጀመረው ጡብ በምታህል፣ በእጅ በምትያዝ ግራጫ ጌም ነው። ሻንጣውን ያወረዱለት አንድ የጅቡቲ ነጋዴ «ለልጆችህ» ብሎ ሰጣቸው። ያኔ በየቪዲዮ ቤቱ ባለሰይፍ ጀግና ዘንዶ የሚገድልበት ጌም ከተማውን አሳብዶ ነበር። ይህች ትንሿ ከዚያው ዘር ናት፤ ጀግናው ግን የለባትም። በትልቁ ጌም ከጀግናው ኋላ ጓዝ ተሸክሞ የሚከተል፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው አንድ ሰውዬ አለ። በትንሿ ጌም ዋናው ሰው እሱ ነው። ጌታው በፈረስ ጥሎት ሄዷል፤ እሱ ሸክሙን አዝሎ ከገደል ገደል እየዘለለ ይከተላል። ሰይፍ የለውም። ሸክሙ ስለሚጎትተው ዝላዩም አጭር ነው። ከመጨረሻው ገደል ማዶ በር አለ፤ እዚያ ሲደርስ ሸክሙን ያወርዳል ይባላል። ሲያወርድ ግን በዚያ ቤት ያየ የለም።

አቶ ገብረየስ መጀመሪያ ያዩት ቀን «ቆይ፣ ይሄማ የኛ ሰው ነው!» አሉ። ከዚያ ወዲያ ጌሟ የልጆች ብቻ መሆኗ ቀረ። የቤቱም ሕግ ወጣ፦ የወደቀ ያቀብላል። ተራው ከአባት ወደ ታላቅ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይዞራል። ጌሟ የደረሱበትን የማስቀመጥ ነገር አታውቅም፤ ከጠፋች እንደገና ከመጀመሪያው ገደል ነው። አባትየው ደክመው ከሥራ ሲገቡ እግራቸውን ታጥበው «ዛሬ ሳላወርድለት አልተኛም» ይላሉ፤ ሳያወርዱለትም ይተኛሉ።

ታላቋ እቴነሽ ናት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች የቤቱ እናት ሆና ቀረች። ተራዋ ሲደርስ ወይ ወጡ ያርራል፣ ወይ ውሃ ይመጣል፣ ወይ ትንሿ እህቷ ታለቅሳለች። አባቷም «እቴ፣ ላሁኑ አሳልፊው» ይላሉ፤ ታሳልፋለች። አባትየው ልባቸው ታሞ አልጋ ሲይዙ ያጠበቻቸው፣ ያገላበጠቻቸው፣ የጎረሱትን ሲመልሱ በእጇ የተቀበለችው እሷ ናት። ትዳር አልያዘችም። ከንፈር የሚመጥጡላት ብዙ ናቸው፤ መጥቶ የሚያሳርፋት ግን አልነበረም።

መሐለኛው መርዕድ ራዲዮና ስልክ ጠጋኝ ነው። ጌሟ ስንት ጊዜ ሞታ እሱ አስነሥቷታል። አባቱ ከታመሙ በኋላ ባትሪ ድንጋይ እየጨረሰች ስታስቸግር ከግድግዳው መብራት ጋር አገናኛት። በድሬ መብራት እንደ ልብ ስለማይቆይ አንዲት ሽቦ በየዳት፤ መብራት ሲሄድ ባትሪው ሳያቋርጥ ይረከባል። አባትየው ሌላ ደስታ አልነበራቸውም። ያን ሽቦ የሚያህል መድኃኒት አላገኙም ብል አላጋነንኩም።

ትንሿ ትርሲት ጅቡቲ ሥራ አግኝታ ሄዳለች። የመድኃኒቱን ወጪ የቻለችው እሷ ናት። እጇ ለዚህ ነገር የተፈጠረ ነው፤ ያንኑ ጌም በስልኳ አግኝታ የመጨረሻውን ገደል ደጋግማ ዘላዋለች። ሰውዬው ሲያወርድ አይታለች። በስልክ ልትነግራቸው ስትል «እንዳትነግሪኝ! መጥተሽ እዚሁ ታሻግሪልኛለሽ» አሏት። እሷ ግን ዛሬ ነገ ስትል ቆየች። ሰፈሩ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እያለ ያማት ነበር። እኔም ሰፈሩ ውስጥ ነኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያንጣጣ፣ አቶ ገብረየስ በዕድሜያቸው ደርሰውበት የማያውቁት የመጨረሻው ገደል ጫፍ ላይ ደረሱ። ለተሸካሚው የቀረችው አንዲት ነፍስ ናት። እቴነሽ ከኋላ ጀርባቸውን ደግፋለች። መርዕድ መብራት ስለሄደ ሽቦውን ይዞ እግራቸው ሥር ቁጭ ብሏል። በዚያች ሰዓት ትርሲት ሻንጣዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች። አባትየው አዩዋት፣ ፈገግ አሉ፣ ጌሟን ፖዝ አደረጓት። ከዚያም ወደ ፊታቸው ዘርግተው፦

«ተረኛ ማነው?» አሉ።

ማንም ሳይመልስላቸው እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ። ጌሟ እንደበራች ቀረች፤ ተሸካሚውም ሸክሙን እንዳዘለ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ቀረ።

የለቅሶውን ነገር ባልነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን መርዕድ እንዲፈረድለት ንገርልኝ ብሏል። አንዲት ለቀስተኛ ስልኳ ዘግቶባት የጌሟን ሶኬት ነቅላ ቻርጀሯን ሰካች። በባትሪ ድንጋዩ ያለው ጉልበት እያለቀ ነበርና ስክሪኑ መደብዘዝ ጀመረ። መርዕድ ከድንኳኑ እየጮኸ ሲሮጥ ሰዉ ሐዘን የጠናበት መስሎት አንቆ ያዘው። «አይዞህ፣ አልቅስ ይውጣልህ» ይሉታል፤ እሱ «ሶኬቱን! ሶኬቱን!» ይላል። እኔን እጄን ነክሶኝ አመለጠ። ለጥቂት ደረሰ።

በአርባው፣ ሰው ከተበተነ በኋላ አስጠሩኝ። ጌሟን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ሦስቱም ከበዋታል። ዐይናቸው ጉድጓድ ገብቷል።

«ጋሼ፣ ስክሪኗ እየሞተች ነው» አለኝ መርዕድ። «መስመሩ ከታች እየጠፋ ይሄዳል። የተሸካሚው እግር አይታይም። መለዋወጫ ፈልጌ አጣሁ፤ ልክፈታት ብል ደግሞ ትጠፋለች።»

«ታዲያ ምን ላድርግላችሁ?»

ትርሲት ቀደመች። «እኔ ላሻግረው። ዐይኔን ጨፍኜ እችላለሁ። በሕይወት እያለ አልደረስኩለትም፤ ይችን እንኳ ልድረስለት። ነይ ያለኝ እኮ ራሱ ነው።»

«ተራው የኔ ነው» አለች እቴነሽ፣ ድምጿን ሳታነሣ። «ከአባባ ቀጥሎ እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳሳልፍ ኖሬ አንዴ እንኳ እስክወድቅ አልተጫወትኩም። ዛሬ አላሳልፍም።»

«እትዬ፣ አንቺ እኮ የመጀመሪያውን ገደልም ተሻግረሽ አታውቂም! ይወድቃል!» አለች ትርሲት።

«ይውደቅ። እኔም ጀርባዬን ያመኛል።»

ይህን ስትል ትርሲት አለቀሰች። መርዕድ ግን ሁለቱንም ገፍቶ ጌሟን በመዳፉ ሸፈናት።

«ማንም አይነካትም። አባባ የነካው የመጨረሻው ነገር ይሄ ነው። ካሻገራችሁትም አለቀ፣ ከወደቀም አለቀ። ተሸካሚው ቆሟል፤ እኔ እያለሁ ማንም አይገፋውም። ራሷ እስክትጠፋ ትቆይ።»

«ሸክሙን እንደተሸከመ?» አለች እቴነሽ።

መርዕድ መዳፉን አንሥቶ ተሸካሚውን አየው።

የቤቱ ሕግ የወደቀ ያቀብላል ነው፤ አባትየው ግን ሳይወድቁ ነው የዘረጉት። ለሦስቱም ዘርግተው ለአንዱም አላቀበሉም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን አንዴ ከፈሰሰ የሚለቀም የለም። ለቻለችው ልስጥ ብል ያቺ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀች ምን ትበለኝ? ለጠበቀችው ብሰጥ የአባቷ ልፋት ገደል ይገባል። ለመርዕድ ብፈርድ ደግሞ ያ ምስኪን እስከ መጨረሻው አዝሎ ይቀራል። «እስከ ነገ አስቡበት፣ እኔም ላስብ» ብዬ ወጣሁ። ሽማግሌ መላው ሲጠፋው የሚለው ይህንኑ ነው።

ነገ የተባለው ቀን ዛሬ ነው። ጠዋት በበሩ ሳልፍ ሦስቱም እንደተቀመጡ ናቸው፤ አንዳቸው ሌላውን ይጠብቃሉ፣ ጌሟንም ይጠብቃሉ። መስመሩ ተሸካሚው ጉልበት ላይ ደርሷል። ሸክሙ ጋ ሲደርስ ቢወርድም ባይወርድም የሚያይ አይኖርም። ከሰዓት መልስ ይዤ እገባለሁ ብያቸዋለሁ።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ በማን እጅ ላስቀምጣት?