አንጓች የቆመችበት ወይራ

የዛሬ ሽማግሌዎች አያቶች ገና ጥርስ ሳያበቅሉ፣ ዝናብም በቀጠሮው በሚመጣበት ዘመን፣ ዋንዛ በር በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። የባላባት ዘር አልነበረችም። ገድልም አልተጻፈላትም። ጎተራ ለቅላቂ ነበረች። ጭቃና እበት ከጭድ ጋር ታቦካለች፤ የሰው ጎተራ ትለቀልቃለች፤ ሲደርቅ ስንጥቁን ትደፍናለች። የራሷ ጎተራ ግን ከወገቧ አይበልጥም ነበር።

ባሏ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞ ተመለሰና ሞተ። ሦስት ልጆች ጥሎላት ሞተ። ትልቋ ይታይሽ ትባላለች፤ መካከለኛው ዘገየ፤ ትንሹ ቢተው፣ ያኔ ገና ጡት ያልተወ። አንጓች በባሏ መቃብር ላይ ቆማ አንድ ነገር ተሳለች። «እመቤቴ ማርያም፣ ሦስቱን ልጆቼን አስከትዬ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጽዋ እቆርባለሁ» አለች። ሌላ ስለት አልተሳለችም። ሀብት አልለመነችም፤ ዕድሜም አልለመነችም።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ቀላል ግን አልነበረም። ለቅዳሴ አምስት ልኡካን ያስፈልጋሉ። የዋንዛ በር ማርያም ድኻ ደብር ነበረችና አንድ ቄስና አንድ ዲያቆን ብቻ ነበሯት። የቀሩት ከወንዝ ማዶ ይመጣሉ። ክረምት ወንዙ ይሞላል። ስለዚህ በፍልሰታ ጾም ወንዙ ጎደል ያለ ዕለት፣ አንድ ቀን ብቻ ይቀደሳል፤ እናቶችና ሕፃናት የሚቆርቡት ያን ቀን ነው። ያ ቀን ካለፈ እስከ ከርሞ የለም።

ደግሞ ቆራቢ ከመንፈቀ ሌሊት ጀምሮ እህልም ውኃም አይቀምስም። ቅዳሴው የሚያልቀው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ለልጅ ይህ ረጅም ነው። ጾም የገደፈ ልጅ ከሰልፉ ወጥቶ፣ ቅጥሩ ዳር ካለው ወይራ ሥር ብቻውን ይቆም ነበር። ሰው ሁሉ ያየዋል። እኩዮቹ ለወር ያህል «ሆዳም» እያሉ ይጠሩታል። ገድፎ የቆረበ ልጅ ምላሱ ይጠቁራል ይባል ነበር። ልጆች ምላሳቸው እንዳይጠቁር ይፈራሉ፤ ወይራውን ደግሞ የበለጠ ይፈራሉ።

በመጀመሪያው ዓመት አንጓች ሦስቱን ልጆቿን አጠበች። ነጠላዋን አጣፋች። ቢተውን አዘለች። ሁለቱን አስከትላ ወጣች። ዝናቡ ያካፋ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደረሱ፣ ሰልፉ ውስጥ ገቡ፣ ቅዳሴው ረዘመ። ተራቸው ሲቃረብ ይታይሽ የእናቷን ቀሚስ ጎተት አደረገች።

«እምዬ፣ የዝናብ ውኃ ያስገድፋል?»

ሰልፉን የሚያስተካክሉት መሪጌታ ጓሉ ነበሩ። ጆሯቸው ሹል ነበር። መቋሚያቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ።

«ዝናቡ ነው ወደ አፍሽ የገባው፣ ወይስ አንቺ ነሽ ምላስሽን ያወጣሽለት?»

«አወጣሁለት።»

«አንድ ጊዜ?»

ይታይሽ አሰበች። «ብዙ ጊዜ። ይጣፍጥ ነበር።»

ከኋላ ሴቶች ሳቁ። መሪጌታ ግን አልሳቁም። በመቋሚያቸው ወይራውን አመለከቱ። ልጅቱ አየችው። ማልቀስ ጀመረች። ስምንት ዓመቷ ነበር።

አንጓች ጽዋውን አየች። ልጇን አየች። በልቧ እንዲህ አለች ይባላል፦ «ጌታ ሆይ፣ ጽዋህን የሚጠብቁ መላእክት አሉህ። ይህችን ልጅ ግን ያለ እኔ ማን ይጠብቃታል?» ከዚያ ቢተውን እንዳዘለች፣ ዘገየን በእጇ እንደያዘች፣ ከሰልፉ ወጣች።

«ወዴት ነው?» አሉ መሪጌታ። «ገደፍሽ እንዴ?»

«አልገደፍኩም።»

«ታዲያ የጌታን ማዕድ ትተሽ ልጅ ትከተያለሽ?»

«መሪጌታ፣ ማዕዱ ለከርሞ ይመጣል። የልጄ ለቅሶ ግን አሁን ነው» አለች።

ሄዳ ወይራው ሥር ቆመች። ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆመች። ይታይሽ በእናቷ ነጠላ ውስጥ ሆና አለቀሰች፤ ከዚያ ለቅሶው ሰለቻትና ጉንዳን መቁጠር ጀመረች። አንድ ዓመት እንዲሁ አለፈ።

በሁለተኛው ዓመት አንጓች ሰማይ ዳምኖ ስታይ የይታይሽን ራስ በኩታ ሸፈነች። የሚጠጣ ዝናብ አልነበረም። ሰልፉ ውስጥ ገቡ። ከፊታቸው የጭቃ ሹሙ ሚስት ወይዘሮ የሹምነሽ ቆማ ነበር። ባለ ሦስት ጎተራ ሴት ናት፤ ሦስቱንም የለቀለቀችላት አንጓች ናት።

«አንጓች፣ ዘንድሮስ ማን ገደፈ?» አለች ወይዘሮ የሹምነሽ ዞር ብላ። «ወይስ ወይራውን ርስት አድርገው ሰጡሽ?»

«እግዜር ይመስገን እሜቴ፣ ዘንድሮ ደኅና ነን» አለች አንጓች።

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ዘገየ አዛጋ። አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ አዛጋ። አንጓች በፊት ጥርሶቹ መካከል ነጭ ነገር አየች። የእሸት በቆሎ ገለባ ነበር።

ማንም አላየም። መሪጌታም አላዩም። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ስለቷ ሊደርስ ከፊቷ አምስት ሰው ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሕፃን ነው፤ እግዚአብሔር መሐሪ ነው። ይህን ሁሉ አሰበች። ደግሞም ልጁን አየችው። ዘገየ ምላሱን በጣቱ እየነካ፣ ጣቱን እያወጣ ያይ ነበር። ጠቁሮ እንደሆነ ማየቱ ነበር።

ጎንበስ አለችለት።

«ዘገየ፣ እኔ ወይራው ሥር ልሄድ ነው። ትመጣለህ?»

«ገድፈሻል?»

«አልገደፍኩም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ትሄጃለሽ?»

«አንድ የገደፈ ሰው የሚመጣ ይመስለኛል። ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ዘገየ እግሩን አየ። ብዙ ጊዜ እግሩን አየ። ከዚያ ከእናቱ ቀድሞ ወደ ወይራው ሄደ። በቆሎውን ከማን ማሳ እንደወሰደ እዚያው ቆሞ ነገራት። የመሪጌታ ጓሉ ማሳ ነበር። በማግሥቱ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፤ መሪጌታም ሦስት ቀን ዝንጀሮ እንዲጠብቅላቸው ፈረዱበት። ሌላ አንድ ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ሦስተኛው ዓመት ከሁሉም የከበደው ነው። በዚያ ዓመት የአንጓች ልጆች ከሦስቱ አንዳቸውም አልገደፉም። ይታይሽ አፏን ገጥማ መጣች። ዘገየ እጁን ኋላው አድርጎ መጣ። ቢተው አራት ዓመቱ ነበር፤ በእግሩ መጣ። አንጓች ሦስቱንም አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ሦስቱም አንድ በአንድ «አልገደፍኩም» አሉ። ደስታዋን ደበቀች። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከፊቷ አራት ሰው ቀረ።

ወዲያው ከፊት ጩኸት ተሰማ። የወይዘሮ የሹምነሽ ብቸኛ ልጅ አሰገደች ናት። ጽዋው ዘንድ ስትደርስ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «አልችልም፣ አልችልም» አለች። ከሰልፉ ወጥታ ሮጠች። ወይራው ሥር ደርሳ ቆመች። ሐር ጥለት ለብሳ፣ ዝናብ እየወረደባት ቆመች።

ሰው ሁሉ ወይዘሮ የሹምነሽን አየ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ጽዋው አድርጋ ቀረች። አንገቷን አላዞረችም። ተራዋ ነበርና ቆረበች።

ልጆቹ መሣቅ ጀመሩ። «ሆዳም! የጭቃ ሹም ሆዳም!» አሉ።

አንጓች ይታይሽን ጠራቻት። «ታናናሾችሽን ይዘሽ ቁረቢ» አለቻት።

«አንቺስ እምዬ?»

«እኔ ትንሽ ልቁም።»

«የኛ ቤት ልጅ እኮ አይደለችም!»

«ብቻዋን ናት» አለች አንጓች። ወጣች። ከኋላዋ ሦስቱ ልጆቿ ቆረቡ። ዞራ አላየቻቸውም፤ ብታይ ትመለስ ነበር ይላሉ።

ወይራው ሥር አሰገደች እንባዋን ጠረገችና አፈጠጠችባት።

«እኔ ያንቺ ልጅ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ልቆም።»

ልጅቱ ወደ ሰልፉ አየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጠዋት ተልባ ያጠጣችኝ እናቴ ናት። እንዳትደክሚ ብላ። ለማንም እንዳትናገሪ ብላኛለች» አለች።

«እኔም አልሰማሁም» አለች አንጓች። ነጠላዋን ገልጣ አስገባቻት።

አንጓች ይህን ለማንም አልተናገረችም። ወይዘሮ የሹምነሽ ግን እንዳወቀችባት ገባት። ያን ዓመት የጎተራ ሥራ ለሌላ ሴት ሰጠች። በሚቀጥለውም ዓመት ሰጠች። ሌሎቹ ባለ ጎተራዎችም የጭቃ ሹሙን ሚስት አይተው እንደዚያው አደረጉ። አንጓች ሁለት ክረምት በጎመንና በድንች ልጆቿን አሳደገች። ለምን ሥራ እንዳጣች ልጆቿ ሲጠይቋት፣ «የዘንድሮ ጎተራ ጠንካራ ነው፤ አይሰነጠቅም» ትላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላማ የገደፈ ልጅ ሁሉ እሷን ይፈልግ ጀመር። ሰልፉ ውስጥ ሆኖ በዓይኑ ይፈልጋታል፤ እሷም ትወጣለች። አንድ ዓመት የሸማኔው ልጅ ነው፤ አንድ ዓመት የዲያቆኑ የእህት ልጅ ነው፤ አንድ ዓመት መንትዮች ናቸው። ልጆች መደበቅ ተዉ። አንጓችም ሳትቆርብ ዓመት ዓመትን ወለደ። ልጆቿ አደጉ። ይታይሽ ተዳረች፤ ዘገየ ጎጆ ወጣ፤ ቢተው ወንዝ ማዶ ሄዶ ገበሬ ሆነ። አንዱ ሲመጣ አንዱ ይቀራል። ወንዙ አንድ ዓመት ይሞላል፤ አንድ ዓመት አራስ ትኖራለች፤ አንድ ዓመት ለቅሶ ይመጣል።

አንጓች አረጀች። ዓይኗ ደከመ፤ የነገሯትንም መርሳት ጀመረች።

አንድ ፍልሰታ ላይ ወንዙ ጎደለ። ቢተው ከማዶ መጣ። ይታይሽ ልጆቿን ይዛ መጣች። ዘገየ መጣ። ሦስቱ ልጆች እናታቸውን መካከል አድርገው ሰልፉ ውስጥ ቆሙ። ሰው ሁሉ ያውቅ ነበርና እያየ ደስ አለው። መሪጌታ ጓሉ ሞተዋል፤ ሰልፉን የሚያስተካክለው ሌላ ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን በልጅነቱ ወይራው ሥር አንድ ጊዜ ከአንጓች ጋር ቆሟል። «እማማ አንጓችን አሳልፏት፣ ወደ ፊት አሳልፏት» አለ። አሳለፏት።

ከፊቷ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። አንጓች ቆመች። ጠዋት ጎህ ሲቀድ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ቅሉን አንሥታ ውኃ መጎንጨቷ ትዝ አላት። ቀኑን ረስታ ነበር።

ያየ የለም። ያወቀም የለም።

«ገድፌአለሁ» አለች።

«እምዬ!» አለ ቢተው።

«ውኃ ነው። ጠዋት። እናንተ ቁረቡ» አለችና በበትሯ እየዳሰሰች ወደ ወይራው ሄደች።

ቢተው ተከተላት። ይታይሽና ዘገየ ተከተሉ። የሸማኔው ልጅ፣ አሁን ጢም ያለው ሰው፣ ወጣ። መንትዮቹ ወጡ። አሰገደች ልጇን አቅፋ ወጣች። ሰልፉን የሚያስተካክለውም ሰው ራሱ ወጣ። ቄሱ ጽዋውን እንደያዙ ቀና ቢሉ በደጃፉ ሦስት ሰው ብቻ አገኙ።

«ኧረ ምእመናን! ለማን ልስጥ?» አሉ።

ወይራው ሥር ሰው ተጨናነቀ። አንጓች ዓይኗን አጥብባ ዙሪያዋን አየች።

«ምንድን ነው ይህ ሁሉ ሰው? እኔ አሮጊት ነኝ እንጂ ሠርግ አይደለሁም። ተመለሱ! ቄሱን አታቁሟቸው» አለች። ማንም አልተነቃነቀም። «ተመለሱ ብያለሁ። ከእኔ ጋር የሚቆም አንድ ይበቃኛል።»

ልጆቿ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማን ይቅር? ሦስቱም መቅረት ፈለጉ። ያኔ ከኋላ አንዲት አሮጊት በሰዉ መካከል ገባች። ወይዘሮ የሹምነሽ ነበረች።

«እኔ ልቁም» አለች። «ያን ዓመት ለልጄ ተልባ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። መቆም የነበረብኝም እኔ ነበርኩ። አንቺ ቆምሽልኝ፤ እኔ ደግሞ ሥራ ነሣሁሽ። ዛሬ ልቁምልሽ።»

ሰው ሁሉ ሰማ። አሰገደችም ሰማች።

አንጓች አጠገቧ ያለውን ቦታ በበትሯ ዳሰሰች። «ነይ እሜቴ፣ በዚህ በኩል ሁኚ» አለች። «በዚያ በኩል ያፈሳል።»

ሌላው ሰው ሁሉ ተመልሶ ቆረበ። ሦስቱ ልጆቿም ቆረቡ። ሁለቱ አሮጊቶች ቅዳሴው እስኪያልቅ ወይራው ሥር ቆሙ። ምን እንደተባባሉ የሰማ የለም።

ስለቷ ደረሰ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ። አልደረሰም። አንጓች ሦስቱን ልጆቿን አስከትላ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጽዋ አልቆረበችም። በመስከረም ሞተች፤ ወይራው አጠገብ ቀበሯት።

በዋንዛ በር ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ይደረጋል። በፍልሰታ ከቆራቢው ሰልፍ አንድ ሰው ከወጣ፣ ልጅም ቢሆን ሽማግሌም ቢሆን፣ አንድ ሰው ይከተለዋል። ሁለት አይከተሉትም፤ ከአንድ በላይ መከተል ነውር ነው። «ምን በላህ?» ብሎ የሚጠይቅም የለም። የአገሩ ሰው ደግሞ ልጁ ያጠፋበትን አባት፣ በሸንጎ የተረታውን፣ በዕዳ የተያዘውን ሲጠይቅ «ምን ሆነህ ነው?» አይልም። «አንጓች አለህ ወይ?» ነው የሚለው። የለኝም ካለ፣ ጠያቂው አጠገቡ ይቆማል።