የብርቱካኑ ባለቤትና ቦይ ጠጋኞቹ

አንድ ሰው ነበረ። ሦስት መቶ ሃያ እግር ብርቱካን ነበረው፤ ሌላ ሀብት አልነበረውም።

ስንሻው፣ ልብስ ሰፊው የእህቴ ልጅ፣ ይህን የምነግርህ ትናንት ለጠየቅኸኝ ጥያቄ ነው። «አጎቴ፣ ምንም ሳያመኝ ዕድሜ ልኬን ክኒን የምውጠው ለምንድን ነው?» ብለኸኛል። እንግዲህ ስማ።

የሰውየው አትክልት የሚጠጣው ከወንዝ በተጠለፈ የአፈር ቦይ ነበር። ቦዩ ከአትክልቱ በላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ግራ ይወርዳል፣ ሌላው በገደል አፋፍ ዞሮ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የአፈር ቦይ መሸንቆሩ አይቀርም። ስለዚህ ሰውየው ከደጋው መንደር አራት ጠጋኞች ቀጠረ። ሥራቸው ውሃ ባፈተለከበት ቦታ ጭቃና ሣር ይዞ ሮጦ መድፈን ነበር። ጥሩ ሠራተኞች ነበሩ።

ደጋው ላይ ግን ሥራ አልነበረም። ጠጋኙ ወንድሙን፣ ወንድሙ አማቹን እየጠራ ወረዱ። ሰውየውም እንጀራዬን የቆረሰን ሰው ሂድ ማለት ነውር ነው ብሎ ሁሉንም ተቀበለ። አራቱ አርባ ሆኑ። ዛፎቹ እንደ ለመለሙ ነበሩ።

አንድ ቀን፣ ውሃ እንዲያከፋፍል አገር የመረጠው ሽማግሌ፣ የውሃ አባት የሚሉት፣ ቦዩን ተከትሎ መጣ። ሰዎችህ በዝተዋልና ቀንስ አለው። ሰውየው ሳቀ። አንዱም አልሰረቀኝ፣ አንዱም አልሰነፈብኝ፤ አንተ ደግሞ ጤነኛ ቤት ገብተህ በሽታ ትፈልጋለህ አለው።

«አልበደሉህም» አለ የውሃ አባት። «ነገር ግን ሥራ ያጣ ጠጋኝ ያልተሸነቆረውን ይደፍናል።»

ምን ላድርግ ቢለው፣ በየሳምንቱ ቁጠርና የተረፈውን ስንቅ ሰጥተህ በሰላም ሸኝ፤ ሁሉንም ግን አታባርር፣ ያለ ጠጋኝም ቦይ አይቆምም አለው።

«እስከ መቼ?»

«ደጋው ሰው መላኩን እስኪያቆም። ያ ደግሞ በአንተ ዕድሜ አይሆንም።»

ሰውየው እሺ አለ። ሁለት ዓመት ቆጠረ፣ ሸኘ። ቀላል እንዳይመስልህ። ሰኞ የሸኛቸው ሐሙስ ይመለሳሉ፤ እንደገና መሸኘት ነው። ሸኝቶ በተመለሰ ቀን እህል አይወርድለትም ነበር። በሦስተኛው ዓመት መግቢያ በአትክልቱ መካከል ቆሞ ዙሪያውን አየና፣ ይህ ሁሉ ልምላሜ እያለ የምደክመው ለየትኛው ክፉ ቀን ነው አለ። መቁጠሩን ተወ።

ጠጋኞቹ ተመልሰው አርባ ሞሉ፤ ሰባት ወር ግን ምንም አልሆነም። እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ደስ ብሎት ሰነበተ፤ ይህን አልደብቅህም።

በሚያዝያ ፀሐይ ጠጋኞቹ በቀኙ ቦይ ዳር፣ ጠባቡ መታጠፊያ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዱ ጠርዙ ላይ እርጥበት አየ፤ ላብ ያህል ነው። አንድ ጓል ጣለበት። ጓደኛው ሥራ ፈትቼ ከምታይ ብሎ ሌላ ደረበ። ጭቃ ጭቃን እየያዘ አርባውም በየተራ ጨመሩ። ሰውየው ሮጦ ሲደርስ ቦዩ ተዘግቷል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ዳሩን ገፍቶ ከነአፈሩ ገደል ገባ።

ክፉዎች ነበሩ ልትል ነው። አልነበሩም። ከእሱ እኩል አለቀሱ።

ቦዩ እንደገና እስኪሠራ ክረምት ገባ። የግራው አትክልት አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። በቀኝ የነበረው መቶ ስልሳው ደረቀ። ከዚያ በኋላ ሰውየው በየማለዳው ወደ ቀኝ ይሄድና የአንዱን ዛፍ ቅርፊት በጥፍሩ ይፍቃል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ይፈልጋል። ለማገዶ እንኳ እንዲቆረጡ አልፈቀደም። ሚስቱ በቃ ተው ስትለው፣ የዛሬው ሌላ ዛፍ ነው ይላት ነበር።

ስንሻው፣ ቦዩ የደም ሥርህ ነው። ጠጋኞቹ ሐኪሙ ፕሌትሌት የሚላቸው ናቸው፤ መርፌ ጣትህን ሲወጋህ ደሙን የሚያቆሙልህ እነሱ ናቸው። ደጋው መቅኔህ ነው፤ መላኩን አያቆምም። በደም ምርመራ የጤነኛ ሰው የፕሌትሌት ቁጥር ጣሪያው አራት መቶ ሃምሳ ሺህ ነው፤ ያንተ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሺህ ተገኝቷል። ሲበዙ የረጋ ደም ወደ አንጎል የሚሄደውን ሥር ይዘጋል፤ ያኔ የሰው እጅና እግር በአንድ ወገን ሽባ ይሆናል። ክኒኑ መሸኘት ነው።

ከፋሲካ ወዲህ እንዳልዋጥኸው ሚስትህ ነግራኛለች። አፍህን እንደሚያቆስልህ፣ ለደም ምርመራ ስትመላለስ የስፌት ቀንህ እንደሚባክን አውቃለሁ። ከከበደህ ዛሬውኑ ሂድና ለሐኪሙ ንገረው፤ መጠኑን ይለውጥልህ፣ ወይም ሌላ ይስጥህ። በራስህ ግን አትተው። በሽታው ይለቅሃል ብዬም አልዋሽህም፤ አብረኸው ታረጃለህ።

እንግዲህ ሒሳቡን እንዝጋ። ሰውየው ያተረፈው የሰባት ወር ዕረፍት ነው። የከሰረው መቶ ስልሳ እግር ብርቱካን ነው። እሱስ ብርቱካን ነው፤ ዕድሜ ከሰጠው ሌላ ይተክላል። የአንተ ቀኝ እጅ ግን አንድ ነው።