ትንፍሽ እንዳትል

ወገኖቼ፣ ተረጋግታችሁ ስሙኝ፤ ታላቅ ነገር ላበስራችሁ ነው። አንድ ሰው ተነፈሰ።

ምን ያስቃችኋል? እናንተም እየተነፈሳችሁ ነው? አዎ። የዚያ ሰው ትንፋሽ ግን ቤተ ሙከራ አዳነ።

ሰውየው የአንድ ኮሌጅ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ጋሽ ልሳነወርቅ ይባላሉ። አምና ሳንባቸውን ታመው ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ደግፋ ሐኪም ቤት ያደረሰቻቸው የኬሚስትሪ መምህርቷ ሲሳይነሽ ናት። ከዚያ ወዲህ በተነፈሱ ቁጥር «ተመስገን» ይላሉ።

ይህች ሲሳይነሽ የተቃጠለ አየርን፣ ያንን ከአፋችን የምናስወጣውን፣ ውሃ ውስጥ ይዛ በኤሌክትሪክ ወደ አሲድ ትለውጣለች። ቆዳ ፋብሪካዎች የሚፈልጉት አሲድ ነው። የፋብሪካ እንግዶች መጥተው፣ አይተው ካላመኑ ግን ቤተ ሙከራዋ የወንበር መጋዘን ይሆናል።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ልሳነወርቅን ጥግ አስይዞ፣ «እንግዳ ፊት ትንፍሽ እንዳትል!» አላቸው።

«ኧረ እሺ፣ ጌታዬ።»

እንግዶቹ ገቡ። ሲሳይነሽ፣ «ይህ ቀለም የጨመርኩበት ሰማያዊ ውሃ ቢጫ ሲሆን አየሩ ገባ ማለት ነው» ብላ የተቃጠለ አየር መያዣውን ሲሊንደር ከፈተች። ምንም አልወጣም። ለካ ሲሊንደሩ ባዶ ነው!

«ይኸው፣ እየተለወጠ ነው» አለ ኃላፊው።

«ይታያል፣ ይታያል» አሉ እንግዶቹ፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

ውሃው ግን ያው ሰማያዊ ነው። ሲሳይነሽ አንገቷን ደፋች።

ጋሽ ልሳነወርቅ ይህን እያዩ ዝም ይበሉ? ከጥጋቸው ወጥተው ወደ ውሃው የሚገባውን ቱቦ ከሲሊንደሩ ነቀሉት።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«የተቃጠለ አየር አይደል የፈለግሽው፣ ልጄ? እኔ ጋ ሞልቷል።»

ነፉ። በዚያ አምና በከዳቸው ሳንባ! አንዴ ነፉ፣ ሳሉ፣ ደግሞ ነፉ። ውሃው አረንጓዴ፣ ቀጥሎም ቢጫ ሆነ። ሲሳይነሽ ኤሌክትሪኩን ለቀቀችው። ከሰዓት በኋላ ስትመረምረው ከጠብታ የማይበልጥ አሲድ ተገኘ። እንግዶቹም አመኑ፤ ቤተ ሙከራው ዛሬም የእሷ ነው።

እናንተስ? ዛሬ ጠዋት ስንት ጊዜ ተነፈሳችሁ? ሳትቆጥሩት ወጣ፤ ሳትለምኑት ተመለሰ። ማን አመሰገነ? ደግፎ ያነሣችሁንስ ሰው ለማመስገን እስኪሞላላችሁ ነው የምትጠብቁት? የተቃጠለ ቢሆንም ያላችሁን ስጡ፤ ከእኛ የወጣውን ለሥራ የሚያውል አምላክ አለ።

አንድ ነገር ረሳሁ። ውሃው ቢጫ ሲሆን፣ ያ «ይታያል» ሲል የነበረ ሁሉ ምን ቢል ጥሩ ነው? ኃላፊው ቀድሞ፣ እንግዶቹ ተከትለው፦

«እፎይ!»