ድንቡሼና የጉሙ ጧት

አንድ ጊዜ፣ ከወንዝ ማዶ ባለ ጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ እመት ከርከሮ ከልጇ ከድንቡሼ ጋር ትኖር ነበር። ባለፈው ክረምት ሌሎቹን ልጆቿን አያ ጅቦ ስለበላባት የቀረቻት ይቺው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲህ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር የእናቲቱ ልብ ስንጥቅ ይላል። ስለዚህ ጧት ጧት ድንቡሼን ጉድጓድ ውስጥ ገፍታ ታስገባትና ብቻዋን ወጥታ፣ ሥራሥር ቆፍራ ይዛላት ትመለሳለች።

«እማ፣ እኔም ልቆፍር?»

«አርፈሽ ተቀመጪ!»

«እማ፣ ይሄ የሚሸተው ምንድን ነው?»

«ምን አገባሽ? ዝም በይ።»



አንድ ቀን እመት ከርከሮ ስትመለስ ከጉድጓዱ አፍ ላይ የማታውቀው ዱካ አየች።

«ማን መጥቶ ነበር?»

«አንድ ጥሩ እንግዳ። ጅራቱ እንዴት ያምራል! ‹እናትሽ መቼ ትወጣለች? መቼ ትመለሳለች?› ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ሁሉንም ነገርኩት። ሌላ ቀን ጓደኛዬን ይዤ እመጣለሁ አለኝ።»

«ቀበሮ እኮ ነው፣ ልጄ! ቀበሮ!»

«ቀበሮ ምንድን ነው?» አለች ድንቡሼ።

እመት ከርከሮ ልጇን ከጠላት ስትደብቅ፣ ጠላትንም ከልጇ ደብቃ ኖሯል። በዚያው ቀን ከኮረብታው ጀርባ ወዳለ ሌላ ጉድጓድ ተሰደዱ። እዚያ እመት ከርከሮ አንዲት አሮጊት ጎረቤት፣ እማማ ጃርትን አገኘችና እያለቀሰች ጭንቀቷን ነገረቻቸው።

«ላስተምራት ብል ጊዜ ከየት አመጣለሁ? ስቆፍር እውላለሁ፤ ውሃ ስወርድ ይመሻል።»

«ታዲያ ስትቆፍሪ አብራሽ ትቆፍራ!» አሉ እማማ ጃርት እሾሃቸውን እያንኮሻኮሹ። «ውሃም ስትወርጂ አብራሽ ትውረድ። የምትሠሪውን እየሠራሽ ንገሪያት። ስትጠይቅሽ መልሺላት። ሌላ ትምህርት ከሰማይ ይወርዳል ብለሽ ነው?»

«ጅብ ቢያገኘንስ?»

«መፍራቱንማ ትፈሪያለሽ። ግን ጅብን የማታውቅ ልጅ ይዞ ከመፍራት፣ የምታውቅ ልጅ ይዞ መፍራት ይሻላል።»

በማግስቱ ድንቡሼ ከእናቷ ጋር ወጣች። ሥራው ተጓተተ። ትንሿ ከምትቆፍረው ይልቅ በእናቷ ዓይን ውስጥ የምትሞጅረው አፈር ይበልጥ ነበር። «ይሄ ይመራል፣ ትፊው። ያኛውን ቅመሺው እስቲ» ትላታለች እናቷ። ከጉድጓድ ከመውጣታቸው በፊት ሁለቱም አፍንጫቸውን ብቻ ብቅ አድርገው ይቆማሉ። «ነፋሱ ምን አመጣልሽ?» ስትባል ድንቡሼ አንዳንዴ አበባ፣ አንዳንዴ ዝናብ ትላለች። ወደ ጉድጓድ ሲገቡም፣ ጠላት ቢከተል እንዲያዩት ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው፣ በኋላቸው ነው። ድንቡሼ መጀመሪያ ቀን ተንደርድራ በጭንቅላቷ ስትገባ ተሰንቅራ ቀረችና እመት ከርከሮ ከክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

አንድ ቀን መንገድ ላይ የተጋደመ የአጥንት ክምር ዘንድ ደረሱ። እናቲቱ ማለፍ ፈልጋ ነበር፤ ግን ቆመች። «አሽትቺው» አለች ድምጿ እየተቆራረጠ። «ይሄ ጠረን የጅብ ነው። እህቶችሽን የበላው እሱ ነው።» ድንቡሼ አሸተተች፤ ጠጉሯም ቆመ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጧት ከባድ ጉም ወረደ። እመት ከርከሮ ስትቆፍር ቆይታ ቀና ብትል ልጇ ከጎኗ የለችም። መጣራት አልቻለችም፤ ጠላት ይሰማል። መሮጥም አልቻለችም፤ ወዴት? ከጉሙ ውስጥ፣ ከጉድጓዱ በኩል፣ ለስላሳ ድምፅ መጣ።

«ድንቡሼ፣ እናትሽ ገደል ገብታ እየተጣራች ነው። ነይ ውጪ፣ ልውሰድሽ።»

ዱካቸውን አነፍንፎ እዚህም የደረሰባቸው ቀበሮ ነበር። እመት ከርከሮ «አትውጪ!» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ድንቡሼ ቀደመቻት።

«ብቻህን ነህ?» አለች ክፉ ጠረን ሸቷት ወደ ጉድጓዱ ሮጣ የገባችው ድንቡሼ ከውስጥ። ድምጿ እንደ ክር ቀጥኗል።

«ብቻዬን ነኝ፤ እናቴ ትሙት!»

«ታዲያ ይሄ የሚሸተው ማን ነው?»

«ማን ነው የሚሸተው?» ሲል አጓራ ከቁጥቋጦው ጀርባ አያ ጅቦ። «ትናንት ዝናብ አጥቦኛል!»

«ዝም በል አንተ ጅል!» አለ ቀበሮ። «አበላሸኸው! በል ቆፍረህ አውጣት!»

ወዲያው የጥፍር ድምፅ ተሰማ። አፈር ይናዳል፣ ድንጋይ ይፈነቀላል፣ ጅብ ያለከልካል። እመት ከርከሮ በጉሙ ውስጥ ግራ ቀኝ ትላለች፤ መንገዱ ግን ጠፍቶባታል። ድንገት ጩኸት ተሰማ።

«ዓይኔን! ዓይኔን!»

ድንቡሼ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ፣ በአፍንጫዋና በሰኮናዋ እየዛቀች አፈሩን አያ ጅቦ ዓይን ውስጥ ትሞጅረው ነበር። እመት ከርከሮ ጩኸቱን ተከትላ ተንደረደረችና ክራንቻዋን ከጅቡ ዳሌ ላይ ሰካች። ጅቡ እያነከሰ ጉም ውስጥ ገባ። ቀበሮማ ከእሱ ቀድሞ «እኔ መንገደኛ ነኝ!» እያለ ጠፍቷል።

እመት ከርከሮ ወደ ጉድጓዱ አፍ ዞረች።

«ድንቡሼ!»

መልስ የለም።

«ድንቡሼ! ልጄ!»

መልስ የለም። እናቲቱ የተናደውን አፈር በአፍንጫዋ ትዝቅ ጀመር። ያን ጊዜ አንዲት ትንሽ አፍንጫ ብቅ አለች። ነፋሱን ወደ ግራ ሳበች፣ ወደ ቀኝ ሳበች፤ ከዚያ ድንቡሼ ወጥታ እናቷ ሆድ ሥር ተወሸቀች።

«እማ፣ ለምን ትንቀጠቀጫለሽ?»

«ፈርቼ ነው።»

«ትልቅም ይፈራል?»

«ይፈራል፣ ልጄ። እየፈራም ይሄዳል።»

ተነሡና ጅራታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ጎን ለጎን፣ ቁርስ ፍለጋ ወደ ጉሙ ገቡ።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅን ከክፉ የሚያድነው ደብቆ ማሳደግ ሳይሆን፣ በየዕለቱ ኑሮ አብሮ እያዋሉና የጠየቀውን እየመለሱ ዓለምን ማሳወቅ መሆኑን ነው።