ሼህ ሙዘይን አፉታ የተከለከሉ ዕለት

ደጋው አልቆ በረሃው በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ፣ የጨው ግመሎች የሚያድሩባት አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች። ስሟን አላህ ያውቀዋል፤ እኛ ከሰዎቿ አንዱን ካወቅን ይበቃናል። ሼህ ሙዘይን ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደረሳ ሲያቀሩ፣ ማለትም ተማሪዎችን ቁርኣን ሲያስተምሩ ኖረው፣ ፂማቸው ሲነጣ ማቅራቱን ለተማሪያቸው አስረከቡና በጓሯቸው ካሠሯት ጠባብ ኸልዋ ገቡ። ኸልዋ ማለት ሰው ከዱንያ ጫጫታ ተለይቶ ከጌታው ጋር የሚቀመጥባት ክፍል ናት። ከወጣትነታቸው ጀምሮ «ያ ረቢ፣ እርጅናዬን በዒባዳ፣ አንተን በመገዛት አድርግልኝ» ሲሉ ነበር። ይኸው ተሰጣቸው።

ጭንቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሙስበሓ መቁጠሪያቸውን ይዘው ሲቀመጡ ቀልባቸው አብሯቸው አይቀመጥም። ዚክር፣ የአላህን ስም ማውሳት፣ ይጀምሩና ይነሳሉ፤ በሩ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። የጎደለ ነገር ቢኖር ኖሮ ምክንያቱ ይገባቸው ነበር። ግን ምንም አልጎደለም። ወንጀል ሠርቼ ይሆናል ብለው ኢስቲግፋር፣ የምሕረት ልመና፣ አበዙ። መቁነጥነጡ ባሰ እንጂ አልቀነሰም።

ባለቤታቸው ዘምዘም ከደጅ ሆና ታያቸዋለች።

«ሼኽዬ፣ ያቺን ክፍል ያሠሯት ለመቀመጫ ነው ለመመላለሻ?»

«ቀልቤ ታሟል፣ ዘምዘም።»

«የታመመማ ምግብ ይዘጋዋል። እርስዎ ማታ ሁለቴ አስጨምረዋል።»

ሳቁ፤ ግን ሳቁ ውሎ አላደረም። ጎረቤት እንደየዕውቀቱ መድኃኒት አመጣ። አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ፣ ሌላው ጂን ነው አለ። አንድ ቀልደኛ ሽማግሌ ደግሞ ሁለተኛ ሚስት ያስፈልጋቸዋል ብሎ ፈረደ። ዘምዘም ይህን ስትሰማ «ጉልበቴን የምታሽልኝ ከሆነች ዛሬውኑ ትምጣ» አለች።

በመጨረሻ ሼሁ ቆረጡ። ከበረሃው ማዶ አንድ ዛውያ፣ የዒባዳ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቤት፣ አለ፤ እዚያ የገባ ቀልብ ሁሉ ያርፋል ሲባል ሰምተዋል። ጨው ከሚያመላልሰው የግመል ቅፍለት ጋር ተሻግረው ቀሪ ዕድሜያቸውን እዚያ ሊጨርሱ አሰቡ። የዘምዘም ጉልበት እንኳን በረሃ ገበያም አያደርሳትም። ከሄዱ እንደማይመለሱ ገብቷታል። አልከለከለቻቸውም። ገብስ ቆላች፣ በሶ ፈጨች። ስንቁን ስትቋጥር ግን እጇ ቋጠሮውን ደጋግሞ ፈታው።

እዚህ ላይ የዚያችን ከተማ አንድ ወግ ላስረዳ። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ከቤት ቤት ዞሮ አፉታ፣ ማለትም ይቅርታ፣ ሳይጠይቅ አይወጣም። ለምን መሰላችሁ? በአላህና በባሪያው መካከል ብቻ የሆነ ወንጀል አለ፣ እሱን አላህ ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ እስኪል ይጠበቃል። ሼሁም ዞሩ። በየደጁ «አፉ ብለናል፣ እርስዎም አፉ ይበሉን» ተባሉ። የቀረው የቅፍለቱ ባለቤት፣ የጨው ነጋዴው ጦይብ ነበር። ግመሎቹ መሐል አገኙት።

«ጦይብ፣ ነገ ከግመሎችህ ጋር ነኝ። አፉ በለኝ ልጄ።»

ጦይብ የጭነት ገመዱን ሳይለቅ «ግመል እሰጥዎታለሁ» አለ። «ያለ ክፍያ፣ ጀርባው የሚመቸውን። አፉታ ግን አልሰጥዎትም።»

ጫኞቹ ሥራቸውን አቆሙ። ሼሁ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ፤ የጦይብ ፊት ግን አልተፈታም።

«ምን በደልኩህ?»

«ልጅ ሆኜ እርስዎ ዘንድ ስቀራ ምላሴ ይያዝ ነበር። የመጀመሪያዋን ሱራ፣ ፋቲሓን እንኳ መወጣት አቃተኝ። አንድ ቀን አጠገብዎ አስቀምጠው፣ ራሴን እየዳበሱ፣ ‹ላንተ ንግድ ይሻልሃል› አሉኝ። ተቆጥተው ቢሆን እልህ ይይዘኝ ነበር። በርኅራኄ ስለነበር አመንኩዎት።»

«ንግዱስ አልቀናህም?»

«ቀንቶኛል፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ዛሬም ስሰግድ፣ ልጆቼ እንዳይሰሙኝ ፋቲሓ ላይ ድምፄን አጠፋለሁ። በገዛ ቤቴ ኢማም ሆኜ አሰግጄ አላውቅም።»

ቁርኣንን እየተቸገረ ለሚቀራ ሰው አጅሩ፣ ምንዳው፣ እጥፍ እንደሆነ ደረሳ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሼህ ሙዘይንም ለስንቱ አስተምረውታል። ለዚያ ለተጨነቀው ልጅ ግን አልነገሩትም ነበር።

«ምን ላድርግልህ?»

«ያቅሩኝ። ፋቲሓን አቃንቼ የቀራሁ ዕለት አፉ እልዎታለሁ።»

«ግመሎቹ ነገ ይነሳሉ እኮ።»

«ይነሳሉ። ከዚያም ተመልሰው ሌላ ጊዜ ይነሳሉ።»

ግመሎቹን የጦይብ ወንድም ይዟቸው ሄደ። ጦይብ በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ መጣ፤ ያ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው በጠባቧ ኸልዋ በር ጎንበስ ብሎ ገብቶ እንደ ሕፃን ተቀመጠ። ምላሱ እንደ ድሮው ይያዛል፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ሼሁ አንዲቱን ቃል ይሉለታል፣ ይደግማል፣ ይሰበራል፣ እንደገና ይሉለታል። በዚያ መሐል ዘምዘም በሶውን ፈትታ በጥብጣ አቀረበች።

«የመንገድ ስንቅ አይደለም እንዴ?» አላት ጦይብ።

«ጠጣ አንተ። ካንተ ሌላ መንገደኛ የለኝም።»

እሱ ሲወጣ ሼሁ «ይሄ ሰው ቶሎ የሚጨርስ አይመስልም» አሉ።

«እኔ አላቻኮልኩትም» አለች፣ ዕቃውን እየሰበሰበች።

አንድ ረፋድ ሼሁ አንድ ነገር ልብ አሉ። ከንጋት ጀምሮ ከጦይብ ፊት ተቀምጠዋል፤ አንድ ጊዜም ወደ በሩ አልተመለከቱም። ከሌላ ሰው አፍ የምትወጣዋን ቃል እየጠበቁ፣ ቀልባቸው በቦታው ነበር።

ወራት አልፈው ጦይብ ፋቲሓን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በዝግታ፣ ሳይሰበር ቀራ። «አሚን»ን ሦስቱም አብረው አሉት፤ ዘምዘም ከደጅ ሆና። ጦይብ የሼሁን እጅ ይዞ አለቀሰ።

«አፉ ብዬዎታለሁ። ግመሎቹም ሐሙስ ይነሳሉ፤ የርስዎ ተመርጧል።»

ሼሁ ወደ ደጅ፣ ወደ ዘምዘም አዩ። «ሌላ መንገደኛ ጫንበት» አሉት።

ከዚያ ቀልባቸው ለዘለዓለም አረፈ ብዬ ልጨርስላችሁ እችል ነበር፤ ግን አላረፈም። ብዙም ሳይቆይ መቁነጥነጡ ተመለሰ። ዘምዘም ከኸልዋ ሲወጡ ስታያቸው ደነገጠች፤ ገብስ ቁዪ የሚሏት መስሏት። እሳቸው ግን ጫማቸውን እያደረጉ ነው።

«ዘምዘም፣ እኔ ዘንድ መጥቶ ‹ላንተ አይሆንም› ብዬ የመለስኩት ሌላ ማን አለ? አንቺ አትረሺም።»

«ጫማዎን አውልቀው ይቀመጡ» አለች። «ብዙ ናቸው።»

ዘግይቶ አንድ ደረሳቸው ያ ሕመም በምን እንደተሻላቸው ጠየቃቸው። ሼህ ሙዘይን እንዲህ አሉ፦ «ታምሜ አልነበረም። እየተጠራሁ ነበር።»

ልብ በሉ፣ ጥሪው የመጣው በክፉ ጊዜያቸው አይደለም። ዕድሜ ልክ በዱዓ የለመኗት ክፍል ውስጥ እያሉ ነው የመጣው። ኸልዋዋን የሰጣቸው ጌታ ነው እዚያው እረፍት የነሳቸው፤ ከደረሱበት አልፈው ገና ሊያድጉ የሚችሉ መሆናቸውን ስላወቀ። እሳቸው ግን ከበረሃ ማዶ ነው የተጠራሁት ብለው ተሳሳቱ። የተጠሩት ግን በእግራቸው ሊደርሱበት ወደሚችሉት ደጅ ነበር። ይህን ስህተት እኛም እንሠራዋለን፤ ቀልባችን ሲቁነጠነጥ ስልክ እንነካካለን፣ ሥራ እንቀይራለን፣ ከተማ እንቀይራለን።

ጭንቀት ሁሉ እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። ሐኪም የሚፈልግ ጭንቀት አለ፤ መታከሙም ነውር የለበትም። ነገር ግን ምንም ሳይጎድልባችሁ ቀልባችሁ አልቀመጥ ሲላችሁ፣ «ወዴት ልሽሽ?» ከማለታችሁ በፊት ትንሽ ታገሡና «ወደ ማን ልሂድ?» ብላችሁ ጠይቁት። ምናልባት በዚያችው ሰዓት፣ በአንድ ቅርብ ቤት ውስጥ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙት ድምፁን አጥፍቶ የሚሰግድ ሰው ይኖራል።