ነብሩ ዝናብ የከለከለበት ጊዜ

ተረት ይዣለሁ! «አምጣው» በሉኝ እንጂ። ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ይሄ ተረት ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም።

በድሮ ዘመን፣ አውሬ ሁሉ ባንድ ሸለቆ ሲኖር፣ አንድ ነብር፣ አንዲት ጦጣና አንዲት ድኩላ ነበሩ። ነብሩ ጨካኝና ተጠራጣሪ ነበር። ጦጣዋ ብልጥና ሆዳም ነበረች። ድኩላዋ ላቀች ትባላለች፤ ፈሪ ነበረች። አዎ፣ ፈሪ! ቅጠል ኮሽ ካለ ልቧ ጉሮሮዋ ላይ ይደርሳል። ፈሪነቷን ግን አትናቁባት፤ ተረቱ የሷ ነው።

የሸለቆው ንጉሥ አንድ ሽማግሌ አንበሳ ነበር። ድርቅ በገባበት ዓመት ሞተ። ለቅሶው ሳያበቃ ነብሩ ሦስት ተኩላዎች አስከትሎ መጣና ንጉሡ ይቀመጥበት የነበረው ቋጥኝ ላይ ወጣ።

«ወገኖቼ!» አለ። «እኔ ሥልጣን አልፈልግም። አገር በድርቅ ስታልቅ ዝም ብዬ ማየት ስላቃተኝ ነው። የተቀመጥኩት ለጊዜው ነው። ዝናብ እስኪጥል ብቻ! ዝናብ የጣለ ቀን እወርዳለሁ፤ እናንተም የወደዳችሁትን ታነግሣላችሁ።»

አውሬው አጨበጨበ። አንዳንዱ እንዲያውም እንባው መጣ። ደግ ነገር ነዋ የተናገረው!

ቆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። «ለጊዜው ነው» የምትለዋ ነገር በተረት ብቻ ያለች እንዳትመስላችሁ። በአፍሪካችን፣ አያቶቻችንና ወላጆቻችን በኖሩበት ዘመን፣ ስንቱ ጠመንጃ ይዞ መጥቶ «ለጊዜው ነው» ብሎ ተቀምጦ፣ የወንበሩን እግር ምስጥ እስኪበላው ድረስ ሳይነሣ ቀርቷል። በሉ እንቀጥል።

ዝናብ ጣለ። ሸለቆው ረሰረሰ። አውሬው ቋጥኙ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀ። ነብሩ ሰማዩን አየና፣ «ይሄ ዝናብ አይደለም፤ ጤዛ ነው» አለ።

ዝናብ ደግሞ ጣለ። ጅረቱ ሞላ። አውሬው ተሰብስቦ ጠበቀ። ነብሩ ሰማዩን አየና፣ «ይሄ ዝናብ አይደለም፤ ጉም ነው» አለ።

ሦስተኛ ጊዜ ጣለ። ነጎድጓዱ ተራራውን አናጋው። አውሬው ተሰብስቦ ጠበቀ። ነብሩ ከጢሙ ውሃ እየተንጠባጠበ ተነሣና፣ «ዝናብ ጥሏል የሚል ሁሉ የአገር ጠላት ነው!» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናብ የሚባል ነገር ቀረ። መዝነቡ ግን አልቀረም።

ኑሮው እንዲህ ሆነ። ጥንቸልና ከርከሮ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም በስብሰዋል።

«ምነው እቴ ጥንቸል፣ ጆሮሽ ይንጠባጠባል?»

«አልቦኝ ነው። ያንተስ ጀርባ?»

«እኔንም አልቦኝ ነው።»

«ኧረ ሙቀቱ አልተቻለም!»

«ኧረ ድርቁ ጨረሰን!»

ይህን ተባብለው፣ በብርድ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ይለያያሉ። ያስቃል አይደል? እነሱ ግን አልሳቁም።

አሁን ደግሞ ስለ ወፏ ላስረዳችሁ፤ ያለሷ ተረቱ አይገባችሁም።

ድሮ አውጫጭኝ የሚባል ደንብ ነበር። ከብት ቢሰረቅ፣ ቤት ቢቃጠል፣ ደም ቢፈስ፣ ያገሬው ሰው ሁሉ አንድ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ታዲያ ሌባው ጉልበተኛ ቢሆንስ? «እገሌ ነው» ያለ ሰው ነገ ይገደላላ! ስለዚህ ያየው ሰው በተመረጠ ሽማግሌ ጆሮ ያንሾካሹካል። ሽማግሌውም የተናጋሪውን ስም ሳያወጣ፣ «ወፍ እንዲህ አለች» ብሎ ለጉባኤው ይናገራል። ከዚያ ነገሩ ይጣራል። «ወፏ ማን ናት?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። አያችሁ? ደካማውን ከጉልበተኛ የሚከልል ጋሻ ነበር።

ነብሩ ጋሻውን ጦር አደረገው። «ዝናብ የሚለውን ሁሉ በአውጫጭኝ አወጣዋለሁ» አለ። ማጣራቱን «ጊዜ ይፈጃል» ብሎ አስቀረው። ሽማግሌዎቹን አባረረና ለወፏ ጆሮ እንድትሆን እመት ጦጢትን ብቻዋን ሾመ።

በየሳምንቱ አውሬው ዋርካው ሥር ይሰበሰባል። ሁሉም በተራው ቀርቦ በጦጢት ጆሮ ያንሾካሹካል። አላንሾካሹክም ማለት አይቻልም። ከዚያ ጦጢት ጉሮሮዋን ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ «ወፍ እንዲህ አለች» ትላለች። ስሙ የተጠራውን ተኩላዎቹ ገደሉ ላይ ወዳለው ዋሻ ይወስዱታል። ከዋሻው የተመለሰ አልነበረም። በዚያ ሰፈር ጥንብ አንሣዎቹ ወፈሩ።

ጎረቤት ጎረቤቱን ፈራ። እናት ልጇ በእንቅልፉ ሲያወራ አፉን በእጇ ትይዝ ጀመር። «ወፏ ማን ትሆን?» ሁሉም በሆዱ ይላል፤ ማንም አይጠይቅም። ጦጢት ብቻ እንቅልፏ ጥሩ ነበር። የሸለቆው ሾላ ሁሉ የሷ ሆነ። ሾላ የነፈጋት ሁሉ፣ በሳምንቱ ወፍ ታወራበታለች።

የላቀች ባል ደምሴ ዝምተኛ ነበር። ስለ ዝናብ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣም። የሱ ጥፋት ሌላ ነው። አንድ ቀን ጎርፍ ቤታቸው ገብቶ የተኙበትን ሣር ጠርጎ ሊሄድ ሲል፣ ደምሴ በቀንዱና በሰኮናው ቦይ ቀደደ።

ተኩላዎቹ መጡ።

«ቦይ ነው ይሄ?»

«አዎ፣ ጌቶቼ።»

«ቦይ ለምን ይቀደዳል?»

«ለ... ለውሃ።»

«የምን ውሃ?»

ደምሴ ሰማዩን አየ። መሬቱን አየ። ሚስቱን አየ።

አስረው ወሰዱትና ዋሻው አፍ ላይ አቆሙት። ላቀችንም፣ «ነገ አውጫጭኝ ነው። ወፍ ዝም ካለች ባልሽ ይፈታል። ከተናገረች ግን...» አሏት። አልጨረሱትም። ወደ ዋሻው ብቻ አዩ።

ከተኩላዎቹ ሌላ ቦዩን ያዩት ሦስት የላቀች ጎረቤቶች ናቸው፦ ጃርት፣ ከርከሮና ጥንቸል። ከሦስቱ አንዱ ነገ ቢያንሾካሹክ ደምሴ አለቀለት። ከቤቷ ወጣች፣ ተመለሰች፤ ወጣች፣ ተመለሰች፤ በሦስተኛው ሄደች።

ጃርት ደጃፍ ደረሰች። «አባ ጃርት፣ በሞቴ፣ ነገ የደምሴን ስም አያንሡብኝ!»

«እኔ? ማነው እኔን ወፍ ያለኝ? ሂጂልኝ ከደጄ!» እሾሁን ሁሉ አቆመ።

ከርከሮ ዘንድ ደረሰች። «አያ ከርከሮ፣ በሞቴ...»

«አልመጣሽም። አላየሁሽም። አልሰማሁሽም» አለና ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

ጥንቸል ዘንድ ደረሰች። ጥንቸል ግን ገና ስታያት አለቀሰች። ያለፈው ሳምንት ወንድሟ ተጠርቶባታል።

ላቀች ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ የማይጠየቀውን ጠየቀች። «እቴ ጥንቸል... ያለፈው ሳምንት ምን ብለሽ አንሾካሾክሽ?»

«ማንንም አልጠራሁም! ምን እንደምላት ጨንቆኝ 'ጉንፋን ይዞኛል' አልኳት። ግን ያን ለት ጦጢት የወንድሜን ስም ጠራች። ሌላ የሚቀርበን ጎረቤት ስለሌለ እነ አባ ጃርት ናቸው ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ ሰላም አላልኳቸውም።»

የላቀች ጆሮ ቀጥ አለ። እየሮጠች ተመለሰች።

«አባ ጃርት፣ ጥንቸል ያለችው 'ጉንፋን ይዞኛል' ነው። እርስዎስ ምን አሉ?»

የጃርት እሾህ አንድ በአንድ ተኛ። «'ጀርባዬን ይበላኛል' አልኳት» አለ። «እኔ ወፏን ከርከሮ ነው ስል!»

ጃርትንና ተከትላት የመጣችውን ጥንቸል ይዛ ሄዳ ከርከሮን ያንኑ ስትጠይቀው፣ ከጉድጓዱ አፍንጫውን ብቻ አወጣ። «'ጭቃው ጥሩ ነው' ልላት ብዬ ምላሴን ያዝኩት! 'አቧራው ጥሩ ነው' ብዬ አለፍኩ። እኔማ ወፏን ጃርት ነው ስል ነበር።»

«እኔ? አንተ ጭቃ አፍ!» አለ ጃርት።

«ወፍ የለችማ» አለች ላቀች። «ያለችው ጦጣ ናት።»

አራቱም ዝናብ ውስጥ ቆሙ። ነገሩን ማወቃቸው ይበልጥ አስፈራቸው።

«ብንናገር እኛም ዋሻ እንገባለን» አለ ጃርት።

«ባንናገርም እኮ...» አለ ከርከሮ፤ አልጨረሰውም።

ምንም ሳይወስኑ ተለያዩ።

በነጋታው ዋርካው ሥር ዝናቡ ይወርዳል፤ አውሬው እያላበው ተሰልፏል። አንድ በአንድ አንሾካሾኩ። ነብሩ ቋጥኙ ላይ፣ ተኩላዎቹ ከኋላው። ጦጢት ጉሮሮዋን ጠረግ ጠረግ አደረገች።

«ወፍ እንዲህ አለች፦ ደምሴ ለዝናብ ቦይ ቀደደ!»

«የታመነች ወፍ ናት?» አለ ነብሩ።

ጦጢት መወደድ አማራት። «እንዴታ፣ ጌታዬ! ሦስቱም ጎረቤቶቹ ናቸው የነገሩኝ!»

ላቀች ተነሣች። ጃርትን አየችው፤ መሬት መሬት ያያል። ከርከሮን አየችው፤ ጀርባውን ሰጥቷል። ጥንቸልን አየቻት፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ብቻዋን ነች።

«እኔ...» አለች። «እኔ ያንሾካሾክኩት 'ባሌን መልሱልኝ' ብዬ ነው።»

«ወፍ ራሷን አትገልጥም! ነውር ነው!» ብሎ ነብሩ አገሣ። ዋርካው ቅጠሉን አረገፈ።

ያኔ ከወደ ታች፣ እንደ ትንኝ የቀጠነ ድምፅ ተሰማ። «እኔ ያልኩት... 'እግሬን አመመኝ' ነው።» ጥንቸል ነበረች፤ ዓይኗን አልገለጠችም።

«እኔ ያልኩት 'አርጅቻለሁ' ነው» አለ ጃርት።

«እኔ ስለ አቧራ ነው የተናገርኩት፤ ስለ ደምሴ አንድም ቃል አልወጣኝም!» አለ ከርከሮ።

ከዚያ ከየአቅጣጫው ተነሣ። አንዱ ስለ ጥርሱ፣ አንዱ ስለ አማቱ፣ አንዱ ስለ ቁንጫው። አንዲት የሜዳ አህያ፣ «እኔ በየሳምንቱ 'ልጄ የት አለ?' ነው የምላት» አለች። አንዳንዶቹ ግን አንገታቸውን ደፉ። እውነትም ስም የጠሩ ነበሩ፤ ይህንንም መደበቅ አይገባኝም።

ነብሩ ቀስ ብሎ ወደ ጦጢት ዞረ። «እስከ ዛሬ የነገርሽኝ ታዲያ የማንን ነው?»

ጦጢት ብልጠቷ አልጠፋም፤ ጊዜ ግን አጣች። ፊቷ ያገኘችው ተኩላዎቹን ነበር። «እነሱ ናቸው፣ ጌታዬ! እንዲህ በይ የሚሉኝ እነሱ ናቸው! ቋጥኙን ሊወስዱብዎ ነው!»

ውሸት ነበር። ተኩላዎቹ ግን እዚያ አገር ስሙ የተጠራ ምን እንደሚሆን ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ፤ ወሳጆቹ እነሱ ነበሩና። የሚያጣራ የለም። ነብሩ ጥፍሩን ሳያወጣ እነሱ ጥርሳቸውን አወጡ። ተያያዙ፣ ተናከሱ፣ ተንከባለሉ። ነብሩ አንድ ጆሮውን ጥሎ ተራራውን ተሻግሮ ሸሸ፤ ተኩላዎቹም እያሳደዱት ተከተሉት። ወዲያ ማዶ በክብር የተቀበሉት አሉ፣ ሥጋ እየበላ በሰላም አረጀ ይባላል። ይሄ ያናድዳል፤ ግን እንዲህ ነው የሚባለው።

አውሬው ወደ ዋሻው ሮጠ። ላቀች «ደምሴ!» አለች። ደምሴ ከነእስራቱ ወደሷ ተንገዳገደ። ሌሎቹም ወደ ጨለማው የየዘመዳቸውን ስም ተጣሩ። ጥንቸል የወንድሟን ስም ሦስት ጊዜ ጠራች። ሦስት ጊዜ የገዛ ድምፅዋ ተመለሰላት።

ጦጢትን አልገደሏትም። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ዳኟት፤ ነገሩንም አጣርተው ነው የፈረዱባት። «ከእንግዲህ ማንም አይመንሽ፤ አንቺም ማንንም አትመኚ» አሏት። ጦጣ ስትበላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዴ ትጎርሳለች፣ ሦስቴ ዞራ ታያለች። የሚያባርራት ባይኖርም እንኳ።

ትምህርቱን ልንገራችሁ። ጨካኝ ገዥ በጥርሱ ብቻ አይገዛም። ጥርሱማ ለስንቱ ይደርሳል? የሚገዛው ጎረቤት ጎረቤቱን «አንተ ምን አልክ?» ብሎ መጠየቅ ሲፈራ ነው። ጀግና እስክትሆኑ አትጠብቁ። ላቀች ጀግና አልሆነችም፤ እየተንቀጠቀጠች ጠየቀች።

ተረቴን ከጫንቃዬ አወረድኩ፤ አሁን ተሸካሚዎቹ እናንተ ናችሁ።